የ75 ፒክአፕ ባሌስትራ፦ ከፍ ላደርጋት ነው፣ የቱን ልግዛ?

አዘዞ_75 | ጥቅምት 12

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከአዘዞ ነው። መኪናዋ ላንድ ክሩዘር 75 ፒክአፕ ናት፤ ነጠላ ጋቢና፣ በፈረንጆቹ የ1993 ሥሪት፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል። አባቴ በጨረታ ገዝቷት አሥራ አራት ዓመት ሠርቶባታል፤ አሁን እኔ ይዣታለሁ።

መስመሬ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፌ፣ ቧሂትን ወጥቼ መካነ ብርሃን ነው። ስሄድ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና እይዛለሁ፤ ስመለስ ገብስና ድንች። መኸር ሲደርስ ደግሞ ደምቢያ ዘመዶቼ ጋ እየገባሁ ጤፍ አወጣለሁ፤ የቆላ ድባን ዋልካ የገባበት ያውቀዋል።

የኋላው ባሌስትራ ተኝቷል። ባዶዋን ስትሆን ቀጥ ያለ ነው፤ ስጭን ጭራሽ ወደ ተቃራኒው ይጎብጣል። ጉድጓድ ስትገባ "ጓ!" ትላለች፣ እኔም አብሬያት። እንግዲህ ማውጣቴ ካልቀረ አንደኛዬን 10 ሳንቲ ከፍ ላድርጋት ብያለሁ። የቀረበልኝ ሦስት ነገር ነው። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ሻጭ አውስትራሊያ ሠራሽ ሙሉ ባሌስትራ አምጥቼ ልስጥህ ይላል። ሁለተኛው እዚሁ አውቶ ፓርኮ ያለ ልጅ ከኢሱዙ የወጣ ቅጠል ልጨምርልህ አለኝ። ሦስተኛው የባሌስትራውን ማንጠልጠያ፣ ሻክሉን ማለቴ ነው፣ በብየዳ ማስረዘም። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ምን ትላላችሁ?


ጎሚስታው | ጥቅምት 12

10 ሳንቲ? ድንቹን በመሰላል ልትጭን ነው?


ማራኪ_ጋራዥ | ጥቅምት 12

ልጄ፣ ከመመለሴ በፊት የምጠይቅህ አለ። ባዶዋን ስንት ትመዝናለች? ስትጭንስ? ፊቷ ላይ የብረት መከላከያ ገብቶላታል? ከዓመቱ ጉዞህ ስንቱን በጭነት ስንቱን በባዶ ትሄዳለህ?

ጋራዥ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባሌስትራ ልቀይር ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስንት ሳንቲ ከፍ ማለት እንደሚፈልግ ይነግረኛል፤ ስንት ኪሎ እንደሚጭን ግን ሲጠየቅ ጣራ ጣራውን ያያል። ባሌስትራ የሚመረጠው በኪሎ ነው። ቁመቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ደግሞም ቧሂት ላይ ድንጋይ የሚመታህ ምንህን ነው? ዲፈረንሻሉን ከሆነ ባሌስትራ አይጠቅምህም። ባሌስትራ የሚያነሳው ሻንሲውንና ከሱ በላይ ያለውን ነው። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ፣ ግራና ቀኝ ጎማውን ከሚያገናኘው፣ ጋር ነው፣ አክስሉ ደግሞ ጎማው ላይ ነው የተቀመጠው። እሱን 2 ሳንቲ ተኩል ለማንሳት የጎማህ ዲያሜትር 5 ሳንቲ ማደግ አለበት። የሚመታህ ሳልባታዮው (የናፍጣው ታንክ)፣ ጭስ ማውጫው ወይም የካሶኒው ጭራ ከሆነ ግን ባሌስትራ ሥራ አለው።

ለማንኛውም ሜትር ያዝና ለካ። ደልዳላ ቦታ አቁማት፤ ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) መካከል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጠርዝ። አራቱንም ማዕዘን፣ ባዶዋንም ተጭናም። ከመሬት እንዳትለካ፤ የጎማ ንፋስ ያታልልሃል።


ደምቢያው | ጥቅምት 13

ጋሼ ይቅር ይበሉኝና፣ ሚዛን ምናምን እያልን ሰውየውን አናስፈራራው። እኔ 75 አለችኝ። ከኢሱዙ ባሌስትራ አንድ ቅጠል አስገብቼ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከጯሂት ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ጎንደር። ተነሣች፣ ጫነች፣ ገንዘብ ተረፈኝ። የአውስትራሊያውን ዋጋ ሰምቼ ባሌስትራ ነው ወይስ በሬ ነው የገዛችሁት ብዬ ነበር።


የስሜን_ሾፌር | ጥቅምት 13

የኋላውን ከልክ በላይ ስለማጠንከር እኔም ልናገር፣ በወገቤ ከፍዬበታለሁና።

ቱሪስት ነው የማመላልሰው፤ ላንድ ክሩዘር ሰባ ስምንት ናት የያዝኩት፣ ረጅሟ። ከጥቂት ዓመት በፊት ድንኳንና የምግብ ዕቃ ስለሚበዛብን የኋላውን ጠንካራ ልናድርገው ብለን ለከባድ ቋሚ ጭነት የተሠራውን ገዛን። ሙሉ ቡድን ከነምግቡ ሲጫን እንደ ንጉሥ ትሄዳለች። እንግዶቹን ሳንቃበር አራግፈህ ባዶዋን ወደ ደባርቅ ስትመለስ ግን፣ ያ ሽንሽን ሽንሽን የሚለው ጠጠር መንገድ ላይ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬት አይነኩም ማለት ይቻላል። ጥምዝ ላይ ቂጧ ወደ ገደሉ ትንሸራተታለች። ጠንካራ ባሌስትራ ጭነት ከሌለበት ዱላ ነው።

አዘዞ፣ አንተ ስትሄድ ሸቀጥ ይዘሃል ብለሃል፤ ስኳርና ሳሙናው ስንት ኩንታል ነው? ከስንት ጉዞህ ስንቱን በባዶ ትመለሳለህ? መልሱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።


እህል_በሚዛን | ጥቅምት 14

ሚዛን ለምትፈልጉ፦ የእህል መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች የመኪና ሚዛን አላቸው። ጠዋት ወረፋ ሳይኖር ሄዳችሁ ብትለምኑ ለአንድ ፒክአፕ ማንም አይከለክላችሁም። እኔ ሰሊጥ ከመተማ ሳስመጣ የምመዝንበት አለ፣ ለወንድማችን በውስጥ መልእክት እልክለታለሁ።

አመዛዘኑን ላሳያችሁ፣ ወንዶች ስትባሉ ጠቅላላውን መዝናችሁ ነው የምትመለሱት። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጡ፣ ጻፉ። ከዚያ ሙሉዋን። ከዚያ የፊቱን አውርዳችሁ የኋላውን ብቻ። የፊትና የኋላው ድምር ከሙሉው ጋር በጣም ከተራራቀ ሚዛኑ መግቢያ ደልዳላ አይደለም ማለት ነው። ሳልባታዮ ሙሉ ይሁን፣ ሹፌሩ ይቀመጥ፣ ትርፍ ጎማውም ክሪኩም ቦታው ይሁን።

ሾፌሮች ስምንት ኩንታል ጫንን ብለው አሥራ አንድ ይዘው ሲመጡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰላችሁ። ጆንያ ሁሉ መቶ ኪሎ አይደለም።


ጎሚስታው | ጥቅምት 14

እታለም፣ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ለእኛ ናት ወይስ ለነጋዴ?


እህል_በሚዛን | ጥቅምት 14

ለሚገባው።


አዘዞ_75 | ጥቅምት 19

እህታችን እግዜር ይስጥልኝ፣ ሄጄ መዘንኩ። ይኸው፦

ባዶዋን፣ ሳልባታዮ ሙሉ፣ እኔ ተቀምጬ፦ ፊት 1,090፣ ኋላ 880፣ በጠቅላላው 1,970 ኪሎ።
ገብስ ጭኜ፦ ፊት 1,110፣ ኋላ 1,660፣ በጠቅላላው 2,770 ኪሎ።

ስምንት ኩንታል ነው ብዬ ነበር፣ ስምንት ሆነ። (ስቅቅ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።)

በሜትር፦ ባዶዋን ፊት ግራ 46፣ ፊት ቀኝ 47.5፣ ኋላ ግራ 49፣ ኋላ ቀኝ 50 ሳንቲ። ስትጫን ኋላ ግራ 40.5፣ ኋላ ቀኝ 41.5። ከዚያ በታች ያልወረደው አክስሉ የማገጃው ላስቲክ ላይ ስለተቀመጠ ነው፤ ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ። ጓ የሚለው እሱ ነው ለካ።

ጉዞውን አስቤ ሳየው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው የምመላለሰው። ስሄድ ሸቀጡ ከሁለት ከሦስት ኩንታል አይበልጥም። ስመለስ ስምንት። ከተማ ውስጥ በባዶ የምዞረውም ቀላል አይደለም። የሚመታኝ ደግሞ ጋሼ እንደፈሩት አይደለም፤ ዲፈረንሻሉ ጥቂት ነው፣ አብዛኛውን የጭስ ማውጫው ጫፍና የካሶኒው ጭራ ነው።

የፊት መከላከያ ብረት አለኝ፣ ገመድ መጎተቻ የለኝም።


ማራኪ_ጋራዥ | ጥቅምት 19

ጎበዝ። አሁን የምንነጋገርበት ነገር አገኘን።

ስትጫን ኋላ አክስልህ ላይ የሚጨመረው 780 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ባሌስትራ 390። ለምሳሌ አንድ ሚሊ ለመውረድ 4 ኪሎ የሚፈልግ ባሌስትራ ቢሆን፣ 390 ኪሎ ወደ 10 ሳንቲ ያወርደዋል። 6 ኪሎ የሚፈልግ ቢሆን 6 ሳንቲ ተኩል። አየህ፣ ቁመት ሳትጨምር እንኳ ጥንካሬውን ብታስተካክል ማገጃው ላይ መቀመጡ ይቀራል። ብዙ ሰው ከፍታ የሚሻው ጥንካሬ ስላጣ ነው።

የግራው ከቀኙ ማነሱ አይግረምህ። ሹፌር ሁልጊዜ በግራ ነው የሚቀመጠው፤ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦበታል።

አሁን ወደ ደምቢያው ወንድማችን። አራት ዓመት ከሠራልህ ደስ ይለኛል፣ ግን የሠራበትን ምክንያት ልንገርህ፦ የደምቢያ መንገድ ጭቃ ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም። የቅጠል ጥንካሬ የሚያድገው ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ከ7 ሚሊ ወደ 8 ብትሄድ አንዷ ሚሊ ግማሽ ያህል ጥንካሬ ትጨምራለች። የ75ቷ ቅጠል 7 ሚሊ ሆኖ የኢሱዙው 10 ሚሊ ቢሆን ያ አንድ ቅጠል ርዝመቱ እኩል ከሆነ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። ታዲያ ሌሎቹ ሲተጣጠፉ እሱ አልታጠፍም ይላል። ጭነቱ ሁሉ እሱ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይሰበሰባል፣ ከላዩ ያለው ቅጠል እዚያው ጫፍ ላይ ይሰበራል። ጋራዤ የመጣ የተሰበረ ባሌስትራ ስገልጥ ስብራቱን የማገኘው አብዛኛውን እዚያ ነው።

ቅጠል መጨመር ኃጢአት አይደለም። ውፍረቱ ከነባሩ ጋር የተቀራረበ፣ ርዝመቱ በደረጃ የሚያጥር፣ ጫፉ የተሞረደ፣ ቅስቱም ከጎረቤቶቹ ጋር የሚገጥም ከሆነ ይሠራል። ከኢሱዙ ነቅሎ በመቁረጫ ማሳጠር ግን ሌላ ነው። ማሳጠሩ ራሱ ያጠነክረዋል፤ ርዝመትም እንደ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው፣ በተቃራኒው።


ደምቢያው | ጥቅምት 19

ጋሼ ሒሳቡን ይተዉልኝና፣ ማጎበጥስ? ቀጥቃጭ ጋ ወስዶ በከሰል አግሎ ማጎበጥ። አባቶቻችን ያደረጉት ነው።


ማራኪ_ጋራዥ | ጥቅምት 19

አባቶቻችን ያደረጉት ማረሻ ነው። የባሌስትራ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ግሎ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ እንደገና በልኩ ሞቆ ነው የመለጠጥ ጠባዩን የሚያገኘው። ከሰል ላይ ቀይ አድርገህ መሬት ላይ ካቀዘቀዝከው ያ ጠባይ ሄዷል። አጎብጠኸው ትወጣለህ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ይተኛል። በቀዝቃዛው በመዶሻ እየቀጠቀጡ የሚያጎብጡም አሉ፤ እሱ ይሻላል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

ምርጥ መጥረቢያ ግን ይወጣዋል፣ ይህን አልክድም።


ሜልበርን_ያለው_ጎንደሬ | ጥቅምት 20

ከሩቅ ሆኜ አየኋችሁና ልቤ ቧሂት ሄደ። እዚህ አገር እነዚህ መኪኖች በየእርሻው አሉ፤ የባሌስትራ ኩባንያዎቹም እዚሁ ስላሉ ትንሽ አውቃለሁ።

ኦልድ ማን ኢሙ፣ ዶቢንሰንስ፣ አይረንማን፣ ታፍ ዶግ፣ ሁሉም አውስትራሊያውያን ናቸው። ለአንድ መኪና የሚያወጡት አንድ ባሌስትራ አይደለም። ለፊት "ያለ መከላከያ"፣ "ከመከላከያ ጋር"፣ "ከመከላከያና ከገመድ መጎተቻ ጋር" ብለው ይለያሉ። ለኋላ ደግሞ ባዶ ወይም ቀላል፣ እስከ 300 ኪሎ ገደማ ቋሚ ጭነት፣ ከዚያ በላይ ቋሚ ጭነት እያሉ። ቁጥሩ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፣ አከፋፈሉ ግን አንድ ነው። "ቋሚ" የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። ሁልጊዜ ከላይዋ የማይወርድ ነው፦ የመሣሪያ ሣጥን፣ የውኃ ታንክ፣ ፖርቶመጋላ። ጠዋት ተጭኖ ማታ የሚራገፍ ገብስ ቋሚ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ምንም ሳይጠይቅህ "አለኝ" ካለህ የቱን እንደሆነ የክፍሉን ቁጥር አስላክ።

ሁለተኛው ነገር፣ "የ50 ሚሊ ከፍታ" ሲሉ ከምን በላይ ነው? ከአዲሱ የፋብሪካ ባሌስትራ በላይ ነው። ያንተ ግን ተኝቷል። 3 ሳንቲ ከወረደች፣ የ50 ሚሊውን ስትገጥም ዛሬ ካለችበት 8 ሳንቲ ትነሣለች። ያ ሁሉ ልዩነት በአንድ ቀን ፍሬን ቱቦው፣ ሾኩ (ንዝረት ማርገቢያው) እና ትራንስሚሽኑ (ኃይል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚወስደው ዘንግ) ላይ ይወድቃል። 10 ሳንቲ ያልከውንማ እርሳው፤ ቧሂት ጥምዝ ላይ ስምንት ኩንታል ይዘህ ከፍ ያለ መኪና ላይ መቀመጥ አልመክርህም።

ለአንተ እኔ የምመርጠው፦ ፊት "ከመከላከያ ጋር" የሚለው፣ ከ40 እስከ 50 ሚሊ። ኋላ የመካከለኛው፣ እስከ 300 ኪሎ የሚለው፣ ከሥሩ ግን ረዳት ቅጠል ያለው። ረዳቱ ቀጥ ብሎ ከታች ይቀመጣል፤ ባዶ ስትሆን አይነካም፣ ሦስት አራት ኩንታል ሲያልፍ ይገባና ይሸከማል። ሳንቃበር ላይ የሚንቀጠቀጥም፣ ጓ የሚልም እንዳይሆን።


የስሜን_ሾፌር | ጥቅምት 20

ይህን ከአራት ዓመት በፊት ብትጽፈው ኖሮ ስንት ቱሪስት ከእኔ ጋር በተታረቀ።

ሾኩን አደራ አትርሳ፣ አዘዞ። እኛ ባሌስትራውን ቀይረን ሾኩን አሮጌውን ተውነው። ባሌስትራው ከፍ ሲል ሾኩ ሳይታወቅ እስከ ጫፉ ተዘርግቷል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ማቆሚያ የሆነው ሾኩ ነበር። ሊማሊሞ ላይ የላይኛው መያዣ ተገነጠለ። የተዘጋበትንም የተዘረጋበትንም ርዝመት ለክታችሁ ነው ሾክ መግዛት።


ሻክሉስ | ጥቅምት 21

ማንም ስለ ሻክሉ አልመለሰም። እኔ 5 ሳንቲ ያረዘምኩት አለኝ፣ የፊቱን። 5 ሳንቲ ትነሣለች ብለውኝ 2 ሳንቲ ተኩል ብቻ ተነሣች፤ ተሸወድኩ ወይ? ከዚያ ወዲህ ደግሞ መሪው ከጥምዝ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም። ከአዲስ ዘመን ወረታ ባለው ቀጥታ ላይ ሳይቀር እየያዝኳት ነው የምሄደው።


ማራኪ_ጋራዥ | ጥቅምት 21

አልተሸወድክም። ሻክሉ ያለው በባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሌላው ጫፍ ሻንሲው ላይ ታስሯል። አንዱን ጫፍ 5 ሳንቲ ብታወርደው መካከሉ፣ አክስሉ ያለበት፣ ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚወርደው። ልክ እንደ ቃሬዛ፣ አንዱ ሰው ብቻ ትከሻውን ሲያነሣ።

መሪው ያልተመለሰው ደግሞ በዚያው ምክንያት ነው። አንድ ጫፍ ሲወርድ አክስሉ ይዞራል። የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከላዩ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ካስተር የሚሉት ነው። መሪው ራሱ ቀጥ እንዲል የሚያደርገው ያ ማዘንበል ነው፣ ያንተ ቀንሷል። በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል የሚገባ ሽብልቅ አለ፣ በዲግሪ የሚሸጥ። ሁለቱም ጎን እኩል። ጎማ አቃኚ ጋ ሂድና ካስተሩን በቁጥር አስነብብ፣ ከዚያ ሽብልቁን ምረጥ። እስከዚያ ቀስ እያልክ። የተበየደ ሻክል ከሆነ ደግሞ ብየዳውን ለሚያውቅ ሰው አሳየው፣ ዛሬ።

በባሌስትራና በአክስል መካከል የሚገባ ብሎኬት አለ፣ ከኋላ ብቻ ነው። ከፊት የሚያስገባላችሁ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።


አዘዞ_75 | ጥቅምት 22

ወሰንኩ። አባቴን አማከርኩት፤ "እኔ አሥራ አራት ዓመት በዚያው ባሌስትራ ሠርቻለሁ" አለኝ፣ ከዚያ ግን ገንዘቡን ግማሹን ሰጠኝ። የ40 ሚሊውን፣ ፊት ከመከላከያ ጋር፣ ኋላ መካከለኛው ከረዳት ቅጠል ጋር። የክፍሉን ቁጥር አስልኬ ሜልበርን ያለው ወንድማችን አይቶልኛል፤ መጀመሪያ ሻጩ የላከልኝ የከባዱ ነበር። ሾክ አራት፣ ጎሚኒ (ፒኑ የሚያልፍበት ላስቲክ)፣ ፒን፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩ አዳዲስ የዩ ቅርጽ ብሎኖች። ማርካውን አልጽፍም፣ ማስታወቂያ እንዳይሆን።

የመገጠሙን ሥራ ጋሼ ይይዙልኛል።


ማራኪ_ጋራዥ | ኅዳር 17

ዛሬ ተገጠመ። ለሌሎቻችሁም የሚሆን ነገር ስላለ ልጻፈው።

ፍሬን ቱቦ፦ የፊት አክስሉን ሙሉ በሙሉ አንጠልጥለን አየን፤ ቱቦው ተወጥሮ ነበር። ረጅም ገዝተን ቀየርን። መሪውን ግራም ቀኝም ጥግ ድረስ አዙሮ ማየት ነው፣ ቀጥ ብሎ እያለ ብቻ አይደለም።

ከኋላ ፍሬኑን የሚያመጣጥን ቫልቭ፣ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘው፦ ይህን ብዙ ሰው አያየውም። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይለቀቃል። ከፍ ስታደርጋት ቫልቩ መኪናዋ ባዶ የሆነች ይመስለዋል። ስምንት ኩንታል ይዘህ ከቧሂት ስትወርድ የኋላ ፍሬንህ ግማሽ ልብ ይሆናል፣ የፊቱ ብቻውን ይቃጠላል። የዘንጉን መያዣ ባወጣነው ልክ ከፍ አድርገን አሰርነው። የሌላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ያላችሁ እዩት።

ጎሚኒና ፒን፦ ፒኖቹን በክሪክ አንጠልጥላችሁ እያለች አታጥብቁ። ጎማ ላይ አውርዳችሁ፣ አንድ ሁለቴ አወዛውዛችሁ፣ ከዚያ። ተንጠልጥላ ከጠበቀች ጎሚኒው ስትወርድ ተጠማዞ ይቀራል፣ ወዲያው ይቀደዳል።

አሮጌዎቹን የዩ ብሎኖች መልሼ አልገጠምኩም። አንዴ ተስበው የተዘረጉ ናቸው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይመለስና እንደገና እናጠብቃለን። ይህን "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" ብሎ የሄደ አንድ የኢሱዙ ሾፌር ነበር። ብሎኖቹ ላሉ፣ የመሃል ብሎኗ ተቆረጠች፣ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ሸሸ። ከኋላው የሚመጡት መኪናው እንደ ሸርጣን በጎኑ ሲሄድ አይተው ነው ያስቆሙት።


ሜልበርን_ያለው_ጎንደሬ | ኅዳር 17

ትራንስሚሽኑ ይንቀጠቀጣል? ክሮቼራዎቹስ፣ የዘንጉ መገጣጠሚያዎች?


ማራኪ_ጋራዥ | ኅዳር 17

በ40 ሚሊ ምንም የለም። ክሮቼራዎቹን ግራሶ ሰጠናቸው። አንዷ ደክማ ነበር፤ ባሌስትራው ባይመጣም የምትቀየር ናት።


አዘዞ_75 | ታኅሣሥ 11

ይቅርታ ዘገየሁ፣ የመኸር ሰሞን ነው።

እንደ ተገጠመ ኋላዋ 56.5 ሳንቲ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ 55 ላይ ረጋች፣ ግራና ቀኝ የግማሽ ሳንቲ ልዩነት ብቻ። ፊት ግራ 50፣ ቀኝ 50.5። ስምንት ኩንታል ጭኜ ኋላ 48 ናት፤ 7 ሳንቲ ነው የወረደችው፣ ማገጃውን አልነካችም። ጭስ ማውጫው ጨነቅ ጋ ያለችውን ያቺን ክፉ ድንጋይ ሁለቴ አለፋት። እኔ ግን ከልማድ ሁለቴም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ባዶዋን ስሄድ ከድሮዋ ትንሽ ጠንከር ትላለች፣ ያንን አልደብቅም። አባቴ አብሮኝ ደባርቅ ሄዶ "ወንበሩን ነው የቀየርከው?" አለኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም።

500 ኪሎ ሜትር ስሞላ ብሎኖቹ በእርግጥም ላልተው ነበር፣ ሩብ ዙር ያህል። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ባዶ ሆና የፊት መብራቷ ጥቂት ወደ ታች ያበራል፣ አስተካክላለሁ። ሌላው ከኋላ ቀኝ በኩል ጭርር የሚል ድምፅ አለ፤ ረዳቱ ቅጠል ሲነካ ይመስለኛል። ጋሼ፣ ግራሶ ልቀባው?


ማራኪ_ጋራዥ | ታኅሣሥ 11

አትቀባው። የስሜን አቧራ ከግራሶ ጋር ሲገናኝ አሸዋ ወረቀት ይሆንልሃል። ጫፎቹ ላይ የሚገባ የፕላስቲክ ንጣፍ አለ፣ የወደቀ እንደሆነ አያለሁ። ቅዳሜ ና።


ደምቢያው | ታኅሣሥ 12

እንኳን ደስ ያለህ። የወጣውን አሮጌ ባሌስትራ ምን አደረግኸው? ካልፈለግከው ለእኔ። የኢሱዙዋን ቅጠል አውጥቼ የራሷን ዘመድ ላስገባላት ነው፤ ጋሼን ሰምቼ አይደለም፣ ባለፈው ሳምንት ጣጥ ስላለ ነው።


አዘዞ_75 | ታኅሣሥ 12

ጋሼ ጋራዥ ግድግዳ ተደግፎ አለ። ሄደህ ውሰደው።


ማራኪ_ጋራዥ | ታኅሣሥ 12

የሦስተኛውንና የአራተኛውን ቅጠል ውሰድ፣ ውፍረቱንም ከራስህ ጋር እንለካዋለን። የግራውን ዋና ቅጠል ግን አልሰጥህም፤ ፒኑ የሚያልፍበት ጆሮው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለ። እሱን ለቀጥቃጩ አስቀምጬለታለሁ።